እርጥብ በለስላሳ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

የአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አበላል እንደተበላሸ ሁለቱም ተከራካሪዎቻችን ይስማማሉ። የተለያዩት በምክንያቱ ነው። አንዱ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ሌላዋ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እናት።

መምህሩ፦ ልጆቹን የጎዳቸው ልማዳቸው ነው። ጠዋት ክፍል ገብቼ «ቁርስ የበላ?» ስል እጅ የሚያወጡት በጣት ይቆጠራሉ። በእረፍት ሰዓት በር ላይ ሰልፍ ነው። ዳቦ ይሰነጠቃል፣ የተጠበሰ ድንች ይጠቀጠቅበታል፣ የሚያቃጥል ስልስ ጣል ይደረግበታል። እርጥብ ደረሰ። ከጎኑ ለስላሳ። በ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ሆዳቸው ይሞላል እንጂ ሰውነታቸው አልበላም። ማታ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ። አርፍዶ የተነሳ ልጅ መቼ ቁርስ ይበላል?

እናት፦ መምህር፣ ልጄ ከቤት የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ የታክሲ ሰልፍ አለ። ሽሮ ፍርፍር ሠርቼ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ እከትላታለሁ። አንዳንድ ቀን እንደሄደ ይመለሳል። ለምን ስላት «እማ፣ ቀዝቅዞ ይደርቃል፣ ቁጭ ብለን የምንበላበትም የለም» አለችኝ። ጓደኞቿ ትኩስ ነገር ሲበሉ እሷ ጥግ ይዛ ክዳን ትክፈት? ከተማው ለመንግሥት አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ያቀርባል፤ እግዜር ይስጠው። ስምንተኛን ሲያልፉ ግን ሳህኑ ይቀራል። ሰውነታቸው አብዝቶ የሚጠይቀው ያኔ አይደለም ወይ?

መምህሩ፦ በዚህ አልከራከርዎትም። በተለይ ሴቶቹ ያሳስቡኛል። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ በቀን 15 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልጋታል፤ ለወንዱ 11 ይበቃዋል። የወር አበባ ነው ልዩነቱ። ግን እህቴ፣ የለስላሳው ብር የሚወጣው ከቤት ነው፤ ሙዝና ቆሎ ይገዛ ነበር። ቤት ውስጥስ? ምሳ እንደተበላ ሻይ ይቀርባል። ሻይ በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳል። አንድ ሰዓት ማቆየት ወጪ የለውም። ሽሮው ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ደግሞ ብረቱ እንዲወሰድ ያግዛል።

እናት፦ የሻዩን ተቀብያለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ይቆያል። ብሩን የምሰጣት ግን ጦሟን እንዳትውል ፈርቼ ነው። በግቢው ሻይ ክበብ ምን እንደሚሸጥ የሚወስነው ተማሪ አይደለም። ቦምቦሊኖ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ፤ ሌላ ምን አለ? የተቀቀለ እንቁላል ይግባ። ምሳ ዕቃ የሚሞቅበት ምድጃና አግዳሚ ወንበር ይደረግ። ከዚያ በኋላ ልጄ አልበላም ካለች ልማድ ነው ይበሉኝ።

መምህሩ፦ ሰኞ ርዕሰ መምህሩን አነጋግራለሁ። እርስዎስ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኩን ይቀበሏታል?

እናት፦ 4 ሰዓት ያድርጉልኝ። የቤት ሥራውን በቴሌግራም የምትልኩት እናንተ ናችሁ።