የአየር ንብረት ትምህርት በኮሌጅ፦ ራሱን የቻለ ኮርስ ይሁን ወይስ በየሙያው ይሰጥ?

የጂኦግራፊ መምህር፣ ደሴ

የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ባሳለፈው ወሎ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሳይማር የሚመረቅ ተማሪ ሊኖር አይገባም፤ ስለዚህ ትምህርቱ ለሁሉም የግዴታ ኮርስ ይሁን እላለሁ። በበልግ ዝናብ ገብስ የሚዘራው የደቡብ ወሎ ደጋ ገበሬ የካቲትና መጋቢት ሳይዘንብ ካለፉበት በሰኔ የሚያጭደው አዝመራ የለውም። የሒሳብ አያያዝም ሆነ የነርስ ተማሪ ይህን ሳያውቅ ወረዳ ይመደባል። ጉዳዩን ለየትምህርት ክፍሉ ብንተወው አንዱ በሌላው እያመካኘ ማንም ሳያስተምረው ይቀራል።

የምህንድስና መምህር፣ ኮምቦልቻ

የባልደረባዬን ሥጋት እጋራለሁ፤ መፍትሔያቸውን ግን አልቀበልም። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች በሚወስዱት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ኮርስ ውስጥ ስለ አየር ንብረት የሚያትት ምዕራፍ አለ፤ ብዙዎቹ ሸምድደውት ከፈተናው ማግስት ይረሱታል። ሌላ ኮርስ መጨመር ሌላ ሽምደዳ መጨመር ነው።

የመንገድ ሥራ ተማሪ የካልቨርትን፣ ማለትም ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፈውን ቦይ፣ ስፋት የሚያሰላው ካለፉት ዓመታት የዝናብ መዝገብ ተነሥቶ ነው። መጪው ዝናብ ከተመዘገበው ከበረታ ካልቨርቱ ይጠበዋል፤ ጎርፉም መንገዱን ተሻግሮ ከታች ያለውን ማሳ ይሸረሽራል። ይህን ስሌት በሁለት ዓይነት የዝናብ መጠን ሠርቶ ልዩነቱን በገዛ እጁ ያገኘ ተማሪ ምንም ስብከት አያሻውም። የነርስ ተማሪም በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ ቦታዎች እንደምትወጣ ከሕሙማን መዝገብ ይማር፤ የሒሳብ አያያዝ ተማሪው ደግሞ ዝናብ የቀረበት ተበዳሪ ገበሬ ዕዳው ምን እንደሚሆን ያስላ።

የጂኦግራፊ መምህር

ሽምደዳውን አልክድም። ነገር ግን ወደ ካልቨርቱ የሚወርደው ጎርፍ ከላይ ባለው እርከን እንደሚወሰን ለመሐንዲሱ ማን ያስተምረዋል? ከደሴ በስተደቡብ በማይባር በ1970ዎቹ የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከአንድ ትንሽ ተፋሰስ የሚወርደውን ውሃና ታጥቦ የሚሄደውን አፈር ሲለካ ቆይቷል። የምህንድስና፣ የግብርናና የጤና ተማሪዎች እንዲህ ያለ ተፋሰስ ላይ አብረው ይቁሙ፤ ከዚያም ለአንድ ቀበሌ የጋራ ዕቅድ አውጥተው ለገበሬዎቹ ያስረዱ፤ ፈተናቸው ይኸው ይሁን። እኔ የምለው ኮርስ እንዲህ ያለውን ነው።

የምህንድስና መምህር

እንዲህ ከሆነ ልዩነታችን ጠብቧል። ሆኖም አንድ መምህር ብቻውን በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከተሰጡት ኮርሱ ተመልሶ አዳራሽ ውስጥ ይገባል። የመኪናው፣ የነዳጁና ከየትምህርት ክፍሉ የሚመደቡት መምህራን ሰዓት በዓመቱ ዕቅድ ተጽፎ ሲቀርብ ድምፄን እሰጣለሁ፤ እስከዚያው ግን የየሙያችንን ስሌት ማስተካከሉን ዘንድሮውኑ እንጀምር።