እርማት፦ ስፕሊንት ጣቶችን ሁሉ ቀጥ አድርጎ ማሰሪያ አይደለም

«እጁ የተጎዳ ሰው ስፕሊንቱ (የተጎዳን አካል ደግፎ የሚይዝ ማሰሪያ) ጣቶቹን ሁሉ ቀጥ አድርጎ ሊይዝለት ይገባል፤ በጠበቀና በቆየ ቁጥርም ቶሎ ይድናል» የሚለው አስተያየት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። በልክ የሚሠራ ስፕሊንት የተጎዳውን ክፍል ከእንቅስቃሴ ይጠብቃል፤ ያልተጎዱት መገጣጠሚያዎች ግን በተቻለ መጠን ነጻ ይተዋሉ። ስፕሊንቱ የሚሠራበት በሙቅ ውኃ የለሰለሰ ፕላስቲክ በታካሚው እጅ ላይ ቅርጽ ከያዘ በኋላ፣ ባለሙያው የጣቶቹ ሥር እንዲታጠፍ ሲፈልግ የመዳፉን የላይኛ መስመር የሚያልፈውን ጠርዝ ቆርጦ የሚያስወግደው ለዚህ ነው።

የመዳፍ አጥንት ሲሰበር ደግሞ የእጅ አንጓው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ኋላ ቀና ብሎ፣ የጣቶቹ ሥር መገጣጠሚያዎች ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ታጥፈው፣ የጣቶቹ መካከለኛና ጫፍ መገጣጠሚያዎች ቀጥ ብለው እንዲያዙ ይመረጣል፤ ምክንያቱም በጣቶቹ ሥር ግራና ቀኝ ያሉት ጅማቶች ጣት ሲታጠፍ የሚወጠሩ፣ ሲዘረጋ የሚላሉ በመሆናቸው፣ ላልተው ለሳምንታት ከታሰሩ ያጥሩና እጁ አልጨበጥ ይላል።

ቀጥ ብሎ መቆየት ግድ የሚሆንበት ጉዳትም አለ፤ የጣትን ጫፍ የሚያቃናው ጅማት ሲበጠስ የጫፉ መገጣጠሚያ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይታጠፍ ይያዛል፣ ሲታጠብ እንኳ። የመጥበቁን ነገር በተመለከተ፣ የሚያደነዝዝ ወይም ጣትን የሚያጠቁር ስፕሊንት ደም ወይም ነርቭ ሊያፍን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር በባለሙያ መታየት አለበት።