ዋጋው ያልተጻፈ ዓሣ

ትናንት ማታ ከቤቴ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ካለ አንድ የሜክሲኮ የባሕር ምግብ ቤት አንጀቴ አርሮ ተመለስኩ፤ ዛሬም ስላልበረደልኝ ይህን እጽፋለሁ። እዚህ ሎስ አንጀለስ እንዲህ ያሉትን ቤቶች «ማሪስኮስ» ይሏቸዋል። የፕላስቲክ ወንበር፣ ላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሎሚ፣ ደረቅ ብስኩትና ሦስት ዓይነት የቃሪያ ስጎ፣ ግድግዳው ላይ እግር ኳስ የሚያሳይ ቴሌቪዥን፤ ከዚህ የዘለለ ነገር የላቸውም፣ አያስፈልጋቸውምም። በዚህ ቤት ስድስት ዓመት ተመላልሻለሁ። የሚያንገበግበኝም ስለምወደው ነው።

እናቴ ከሐዋሳ ልትጠይቀኝ ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ዓሣ በዳጣ እየበላች የኖረች ሴት ስለሆነች፣ ከዚህ ከተማ ምግብ ሁሉ አፏን ይፈታልኛል ብዬ ያሰብኩት ይህንን ነበር፤ አልተሳሳትኩም። መጀመሪያ «አጉዋቺሌ» አዘዝን። በሜክሲኮ የሲናሎአ ግዛት ሰዎች ምግብ ነው፤ ጥሬ ሽሪምፕ ለሁለት ተሰንጥቆ በሎሚ ጭማቂና በተፈጨ አረንጓዴ ቃሪያ ይነከርና ከኪያርና ከቀይ ሽንኩርት ጋር በጥቁር ድንጋይ ሙቀጫ ይቀርባል። እናቴ ጣቷን መረቁ ውስጥ ነክራ ቀመሰችና «ይሄማ የእኛው ዳጣ ነው፤ ዝንጅብሉን ረስተውት ነው እንጂ» አለች። ሙቀጫውን ወደ ራሷ ስባ እስኪያልቅ ድረስ ቀና አላለችም።

ቀጥሎ «ሳራንዴያዶ» የተባለውን ዓሣ አዘዝኩ። ይህ ናያሪት የተባለው የሜክሲኮ ግዛት ጠረፍ አሠራር ነው፤ ትልቅ ዓሣ እንደ መጽሐፍ ተከፍቶ፣ በቀይ በርበሬ ስጎ ተለቅልቆ፣ በእንጨት ፍም ላይ ይጠበሳል። ሜኑው ላይ የእያንዳንዱ ምግብ ዋጋ በዶላርና በሳንቲም ተጽፏል፤ በዚህ ዓሣ አንጻር ብቻ «እንደ ገበያው» ይላል። የዓሣ ዋጋ እንደ ቀኑና እንደ ክብደቱ እንደሚለዋወጥ የሐይቅ ዳር ልጅ ይጠፋዋል ብላችሁ አትገምቱ። ነገር ግን ሐዋሳ ላይ ዋጋ ሳይነጋገር ዓሣ የሚያስከፍት ማን ነው? ቆሮሶ የሚሸጥልህ ልጅ ዋጋውን ነግሮህ፣ አንተም ተከራክረህ፣ ከተስማማችሁ በኋላ ነው ቢላዋው የሚነሳው። እዚህ ግን አስተናጋጇ ዓሣውን አላሳየችኝም፣ ክብደቱን አልነገረችኝም፤ እኔም እናቴ ፊት «ስንት ነው?» ብዬ መጠየቅ ከበደኝ። እንግዳ ጋብዞ ዋጋ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ምን ያህል እንደሚያሸማቅቅ የምታውቁት ነው። ያ «እንደ ገበያው» የሚል ቃል የሚነግደው በዚህ ይሉኝታችን ነው፤ የሜክሲኮ ጎረቤቶቼም እናቶቻቸውን ይዘው ሲመጡ እንደ እኔው ዝም እንደሚሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሒሳቡ ሲመጣ ዓሣው ብቻውን 74 ዶላር ሆኗል። ከሥሩ 4 በመቶ «የወጥ ቤት ድጋፍ»፣ ከዚያ በታች ደግሞ በካርድ ለሚከፍል 3 በመቶ ተጨምሯል። ይህ ሁሉ ከግብሩ ጋር ከተደመረ በኋላ አስተናጋጇ ታብሌቱን ወደ እኔ አዙራ ቆመች፤ 20፣ 25 ወይም 30 በመቶ ጉርሻ ምረጥ ይላል፤ ጉርሻውም የሚሰላው ግብሩና ጭማሪው ሁሉ ባለበት ድምር ላይ ነው። በካሊፎርኒያ ከእ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በማስታወቂያ ከተነገረው ዋጋ ላይ የተደበቀ ክፍያ መጨመር በሕግ ተከልክሏል። ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን ክፍያውን በግልጽ እስካሳወቁ ድረስ ምግብ ቤቶች እንዲቀጥሉበት ተፈቀደላቸው። በግልጽ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ያን 4 በመቶ ያገኘሁት ከሜኑው ጀርባ፣ ከመጠጦቹ ዝርዝር ሥር፣ መነጽር አውልቄ ወረቀቱን ዓይኔ ሥር አስጠግቼ ነው።

ለአስተናጋጇ ጉርሻ መስጠት አልከበደኝም፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሴት ናት፣ ጉርሻም በዚህ ግዛት ሕግ የሠራተኛው እንጂ የባለቤቱ አይደለም። ስለዚህ 20 በመቶ ሰጠሁ። ነገር ግን ያ «የወጥ ቤት ድጋፍ» ይደርሳችኋል ወይ ብዬ ስጠይቃት ወደ ገንዘብ ተቀባዩ መለስ ብላ አየችና ትከሻዋን ነቀነቀች። ወጥ ቤት ላሉት የማይደርስ ከሆነ በስማቸው የሚሰበሰበው ለምንድን ነው? የሚደርስ ከሆነስ የምግቡ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ደመወዛቸው ውስጥ ለምን አይገባም?

ከሁሉ ያንገበገበኝ የእናቴ ነገር ነው። ፊቴን አይታ ሒሳቡን ገምታለች መሰለኝ፣ ቤት ስንገባ «ሁለተኛ እዚያ እንዳትወስደኝ፤ ቤት እንሠራለን» አለችኝ። ያን ሙቀጫ ታቅፋ ያየኋት እናቴ!

ባለቤቱን አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። በሩ ላይ የጨዋታ ሰዓት በጠመኔ የሚጽፉበት ጥቁር ሰሌዳ አለ። ግማሹ ሁልጊዜ ባዶ ነው። የዕለቱን ዓሣ ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ክብደት ስንት እንደሆነ እዚያ ይጻፉልን፤ ዓሣውንም ፍም ላይ ሳይወጣ አምጥተው ያሳዩን። 74 ዶላሩን አስቀድሜ ባውቀው ኖሮ ምናልባት እከፍለው ነበር፤ ካልሆነም «ሞሃራ» የሚሉትን ሙሉውን የሚጠበስ ዓሣ አዝዤ ከእናቴ ጋር በእጃችን እየፈለፈልን በደስታ እንበላ ነበር።