ፊርማችንን የነፈግናት ልጅ

ወገኖቼ፣ ኖርዌይ ኦስሎ የምንኖር ሐበሾች፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ኅዳር ላይ አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የሆነው ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ቡናው ተፈልቷል፤ ድፎ ዳቦው ተቆርሷል። ዓይናችን እያየ ያደገች ልጅ ወረቀት ይዛ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ መዞር ጀመረች። ፊርማ ልታሰባስብ ነው። ሬፓርፊዮርድ ስለሚባል ቦታ ነበር የምታወራው። በሰሜን ኖርዌይ ሐመርፌስት ከተማ አካባቢ፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ያለ ፊዮርድ፣ ማለትም በተራሮች መካከል ወደ የብስ የገባ ጠባብ ባሕር ነው። አማርኛዋ ይሰባበራል፤ ነገሩን ግን ጥርት አድርጋ ነው ያስረዳችን።

«ከተራራው መዳብ ያወጣሉ። መዳቡ ከተለየ በኋላ የሚቀረውን የድንጋይ ዝቃጭ ባሕሩ ውስጥ ሊደፉት ነው። በዓመት እስከ 2 ሚሊዮን ቶን ተፈቅዶላቸዋል» አለችን። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችን። በ2021 እ.ኤ.አ. ወጣቶች ማሽኖቹ ላይ ራሳቸውን በሰንሰለት አስረው ሲቃወሙ፣ ፖሊስም ተሸክሞ ሲያነሳቸው። ያኔ እሷም እዚያ ድንኳን ውስጥ ከርማለች። ለካ ማናችንም አልሰማንም ነበር።

አንድ የማከብራቸው አባት ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ አርፈሽ ተማሪ። እኛ እዚህ እንግዶች ነን። በሰው አገር ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገሽ?» ከወዲያ ጥግ ደግሞ አንዱ «ለዓሣ ነው እንዴ የምታለቅሺው?» አለ። ሰው ሳቀ። እሷ ግን አልተቆጣችም። «አባባ፣ እኔ እኮ እንግዳ አይደለሁም። እዚህ ነው የተወለድኩት» አለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አባቷ ጓደኛዬ ነው። ክርስትናዋ ላይ ነበርኩ። ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት፤ እስክሪብቶውንም ያዝኩት። ሰው ሁሉ ያየኛል። «እስቲ ላስብበት» ብዬ መለስኩላት። «እሺ ጋሼ» አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው አራት ፊርማ ይዛ ወጣች። ሦስቱ የጓደኞቿ ነበሩ።

እስቲ ንገሩኝ፤ እንግድነታችን መቼ መቼ ነው? ፓስፖርቱን ስንቀበል እንግዳ አልነበርንም። ሆስፒታል ስንተኛ፣ የልጆች ድጎማ ሲገባልን፣ ሜይ 17 በኖርዌይ ብሔራዊ በዓል ባንዲራ ይዘን ስንወጣ ዜጎች ነን። አንዲት ልጅ አንድ ፊርማ ስትለምነን ነው እንግድነታችን ትዝ የሚለን?

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ይህ ፊዮርድ አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹም (እ.ኤ.አ.) የመዳብ ማዕድን ማውጫ ነበረበት፤ ዝቃጩም ያኔ ወደ ባሕሩ ነው የተደፋው። ማውጫው ከተዘጋ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች የባሕሩን ወለል ደለል አውጥተው ሲለኩት መዳቡን አገኙት። ከባድ ብረት አይበሰብስም። ደለሉ ውስጥ ይተኛል፤ ትሎች ሲቆፍሩት፣ ማዕበል ሲያናውጠው ደግሞ ሊነሳ ይችላል። ቀድሞ የተደፋው እዚያው ተኝቶ እያለ ነው ሌላ የተፈቀደው። ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ያ ውሃ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ መተላለፊያ ነው። ሳልሞን ከውቅያኖስ ተመልሶ የተፈለፈለበትን ወንዝ የሚያገኘው በማሽተት ነው። ውሃ ውስጥ የሟሟ መዳብ ደግሞ፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም እንኳ፣ የሳልሞንን ማሽተት ይጎዳል። ይህን ሳነብ ብዙ ተቀመጥኩ። ወደ አገሩ የሚመለስበት መንገድ የጠፋበት ፍጡር ምን እንደሚሆን እኛ እንጂ ማን ሊገባው ይችላል?

የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የባሕር ዳር ሳሚዎች ከዚያ ፊዮርድ ዓሣ እያጠመዱ ኖረዋል። አጋዘን አርቢዎቹም ለግጦሻቸው ይጮኻሉ። ትናንት ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ቋንቋቸውን እንዲተዉ የተገደዱ ሕዝቦች ናቸው። እኛ ይህ ባዳ ይሆንብናል?

መዳብ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የምነዳው ታክሲ የኤሌክትሪክ ነው፤ የብዙዎቻችሁም እንደዚያው። የኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚን መኪና ከእጥፍ በላይ መዳብ ይፈልጋል። ለዚህ ነው አያገባኝም ማለት ያቃተኝ። መዳቡ የሚወጣው ለእኔም ጭምር ነው። ዝቃጩ የትም ይደፋ ብዬ ዝም ካልኩ ከደፊዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። እኚያ አባት ቢያንስ ያመኑበትን ተናገሩ። እኔ ግን ልጅቷ እውነት እንደያዘች እያወቅሁ ሰው ፈርቼ እስክሪብቶውን መለስኩ። ከሁላችሁም የባስኩት እኔ ነኝ።

ፈቃዱ አሁንም አለ። የእኛ መቶ ፊርማ ያስቆመዋል ብዬ አልዋሻችሁም። ደክሞኛል፤ እሷም ሳይደክማት አልቀረም። ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት፣ አላነሳችም። ይቅርታ ጠይቄ መልእክት ላክሁ። ማታ ላይ ወረቀቱን በኢሜይል ላከችልኝ፤ ሌላ አንድም ቃል አልጻፈችም።

አትሜዋለሁ። የፊታችን እሁድ በሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሜ አለ። ቡናችሁን ይዛችሁ ኑ።