ሶፋ ላይ የቀረው ሳቃችን

እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢው የምንኖር ሐበሾች ሲኒማ ለመግባት ሰበብ እንፈልጋለን። ፊልሙ ሽልማት ካገኘ፣ ስለ ጥቁሮች ታሪክ ከሆነ፣ ወይም ከአገር ቤት መጥቶ «እናበረታታቸው» ከተባለ እንሄዳለን። ዝም ብሎ ለመሳቅ ሲሆን ግን እንሽኮረመማለን። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ከእንቅልፉ ሁለት ሰዓት ቆርሶ ለቧልት መክፈል ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ ልጆቹን ያስቀድማል፤ «ለእነሱ ብዬ ነው» እያለ ይገባና ከእነሱ በላይ ይስቃል።

እንዲህ ካሳቁን አንዱ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ጁማንጂ» ነው። አራት ተማሪዎች ትምህርት ቤት ተቀጥተው አንድ ክፍል ውስጥ ሳሉ አሮጌ የቪዲዮ ጌም ያገኛሉ። ጌሙ ይውጣቸውና ጫካ ውስጥ ይጥላቸዋል፤ ያውም በሌላ ሰው አካል። ፈሪው ልጅ የድዌይን ጆንሰንን ጡንቻ ይዞ ይነሳል። ግዙፉ ስፖርተኛ አጭሩን ኬቪን ሃርትን ያህላል። ከስልኳ የማትለየው ቆንጆ ደግሞ ወፍራምና ጢማም ጃክ ብላክ ሆና ቁጭ! ለእያንዳንዳቸው ሦስት ነፍስ ተሰጥቷቸዋል። ኬቪን ሃርት ኬክ ይቀምስና ይፈነዳል፤ ወዲያው አንድ ነፍስ ተቀንሶበት ከሰማይ ዱብ ይላል። ታሪኩ ይኸው ነው፤ እኔም ከዚህ በላይ አልፈለግሁበትም።

ስደተኛ በዚህ ፊልም ሲስቅ ግን ሳቁ የራሱ ጣዕም አለው። አገሩ ላይ ርዕሰ መምህር የነበረ፣ ተማሪ ሲያየው ቀጥ ብሎ የሚቆምለት ሰው፣ እዚህ ኤርፖርት ውስጥ የመንገደኛ ተሽከርካሪ ወንበር ይገፋል። አንድ ቀን ተነስቶ በማያውቀው አካል መራመድ ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም። እንዲህ ያለ ሰው ጃክ ብላክ እንደ ልጃገረድ ሲሞላቀቅ እያየ እንባው እስኪወርድ ከሳቀ፣ ያንን ጊዜ ማባከን ነው የሚል ቢኖር በጣም ነው የምቃወመው።

የአዳራሹ ጠባይ ይለያያል። እዚህ ወንበሩ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ቦታው አስቀድሞ በስልክ ተይዟል፣ ሰውም በየራሱ ነው የሚያየው። አዲስ አበባ፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ ወይም አምባሳደር ግን ተመልካቹም ይተውናል። ተዋናዩን «ከኋላህ! ከኋላህ ነው!» እያለ የሚያስጠነቅቅ አይጠፋም። ከጨለማው ውስጥ አንዱ ተረብ ጣል ያደርጋል፤ ከፊልሙ ቀልድ ይልቅ እሷ አዳራሹን ታንጫጫዋለች። ለሐዘን ፊልም ይህ ይረብሻል፤ ለቧልት ግን ግማሹ ደስታ እሱ ነው። ከአገር ቤት ሲኒማ በጣም የሚናፍቀኝ ይህ ነው።

የአማርኛ ፊልም ብዙ ዓመት በፍቅር ኮሜዲ እንደኖረ፣ ተቺዎችም «በዛ» እያሉ እንደወቀሱት ይታወቃል። እኔ ብዛቱ አያስከፋኝም። ዘመናዊ ቴአትራችን ራሱ የጀመረው በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው፤ እንስሳትን እያናገረ ሹማምንቱን ስለነካ ታገደ። ቅር የሚለኝ ቧልታችን ከቤት አለመውጣቱ ነው። ቪላ፣ ሳሎን፣ ሶፋ፣ ሠራተኛዋ፣ ዘበኛው፣ ከዚያ ካፌ፣ ከዚያ መኪና ውስጥ የስልክ ወሬ፣ ተመልሶ ሶፋው። ምክንያቱ ይገባኛል። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ከአንድ ግለሰብ ኪስ ነው የሚወጣው። ካሜራው በቀን ሂሳብ ይከራያል። ሃያ ሰው ይዞ ክፍለ ሀገር መውጣት አልጋ ነው፣ ቀለብ ነው፣ ነዳጅ ነው፣ በየደረሱበት የፈቃድ ደብዳቤ ነው።

ግን እስቲ አስቡት። ጁማንጂን የሠሩት ጫካ ፍለጋ ሃዋይ ድረስ ሄደው ነው። እኛ ባሌ ውስጥ የዌብ ወንዝ ሰንጥቆት የሚያልፍ፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የሶፍ ዑመር ዋሻ አለን። አፋር ላይ ኤርታ አሌ ይንተከተካል፤ ስሜን ገደል አፋፍ ላይ ጭላዳ በመንጋ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። አሁን አንድ የሚኒባስ ረዳት ከአያቱ የተረፈ የሀብት ካርታ አገኘ እንበል። ብቻውን እንዳይሄድ አክስቱ «እኔን ጥለህ?» ብላ ጀበናዋን ይዛ ተሳፈረች፤ ሦስት ስኒ ቡና ሳትጠጣ ደግሞ አንድ እርምጃ አትንቀሳቀስም። ስሜን ላይ ጭላዳው ካርታውን ነጥቆ ገደል ለገደል ወረደ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ «ወራጅ አለ!» እያለ ይጮሃል። አክስቱ እጣን እያጨሰች ትለምናለች፦ «አባቴ፣ ስጠን እንጂ፤ አንተ ምን ያደርግልሃል?» ይህን በሞላ አዳራሽ፣ ተረበኛው ከኋላዬ ተቀምጦ ማየት አጥብቄ እመኛለሁ።

ስሜንና ባሌ በጀቱን ከከበዱት መናገሻ ሱባ ደን ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው። ጥዱ ረጅም ነው፣ ጉሬዛም አለው፤ ጠዋት ወጥቶ ቀርጾ ማታ መመለስ ይቻላል፣ የአልጋ ወጪ የለበትም።