ዓይን ያሳብቃል፤ ግን ሁሉን አያውቅም

ግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ ምረጡና ዓይናችሁን ተክላችሁ እዩት። ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ከ4,027 ተነሱና 17 እየቀነሳችሁ በልባችሁ ቁጠሩ። 4,010፣ 3,993፣ 3,976… እኔ እዚህ ጋ ጭንቅላቴ መዞር ይጀምራል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ዓይናችሁ ነጥቡ ላይ ድርቅ ብሎ የቆመ ይመስላችኋል። አልቆመም። በሴኮንድ አንዴ ወይ ሁለቴ፣ ሳታዙትና ሳይታወቃችሁ፣ ትንሽ ዘለል ይላል። ዝላዩ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዲግሪ ያንሳል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ትንሿን ጣታችሁን ብታዩ ውፍረቷ አንድ ዲግሪ ገደማ ነው። ባለሙያዎች ይህን ዝላይ ማይክሮሳኬድ ይሉታል።

ዝላዩ ከንቱ መቅበጥበጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1804 ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ትሮክስለር አንድ ነገር ላይ ስናፈጥ በዳር ያለው እየደበዘዘ እንደሚጠፋ አስተዋለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ተመራማሪዎች ኮንታክት ሌንስ ላይ መስታወት ለጥፈው፣ የሚታየው ምስል ዓይን በሄደበት አብሮ እንዲሄድ አደረጉ። ምስሉ በሴኮንዶች ውስጥ ከተመልካቾቹ ፊት ጠፋ። ዓይን ጨርሶ ቢቆም ኖሮ ማየታችንም አብሮ ይቆም ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 17 እየቀነሱ መውረድ የኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ የነርቭ ሳይንቲስቷ ሱዛና ማርቲኔዝ ኮንዴ የተሳተፈችበት ጥናት ሰዎችን ያስጨነቀው በዚሁ ነው። ቀላሉ ሥራ 2 እየጨመሩ መቁጠር ነበር። ከባዱ ላይ ዝላዮቹ ጥቂት ሆኑ፤ እያንዳንዱ ዝላይ ግን ሰፋ አለ። ልብ በሉ፣ ስሌቱ ከማየት ጋር ምንም አያገናኘውም። ሰዎቹ የሚያዩት ያንኑ ነጥብ ነው። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት አእምሮ ቁጥር ተሸክሞ ሲወጠር ዓይንን አንድ ቦታ ይዞ የማቆየቱ ሥራ ይላላል። የዓይን ብሌንም ያሳብቃል። አእምሮ ሲለፋ ብሌን እንደሚሰፋ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ግን ብሌን መብራት ሲበራና ሲጠፋም ስለሚለዋወጥ እሱን ብቻ ማመን ያስቸግራል።

ሳይንሱ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ከሳይንሱ ኋላ ዓይን የሚከታተል ካሜራ ይዞ የሚመጣው ሻጭ ነው።

ዓይን የሚነግረን አእምሮ እየለፋ መሆኑን ነው። በምን እንደሚለፋ አይነግረንም። ስለ ሒሳብ ፈተና የምትጨነቅ ተማሪና ስለ ታመመች እናቷ የምታስብ ተማሪ በካሜራው ፊት አንድ ናቸው። ውጤቱም ብዙ ሙከራ ተደምሮ፣ አማካይ ወጥቶ የተገኘ ነው። ከሰው ሰው ደግሞ ይለያያል። እነዚህን ዝላዮች በደንብ ለመቁጠር በሴኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ የሚቀርጽ ካሜራና አገጭ የሚያሳርፉበት መደገፊያ ያስፈልጋል። የላፕቶፕ ካሜራ በአብዛኛው በሴኮንድ 30 ምስል ነው የሚያነሳው። በሱ «ሠራተኛህ እያሰበ ነው ወይስ አይደለም እነግርሃለሁ» የሚል ካለ ጉራውን ነው።

ውሸት ፍለጋው ይብሳል። «መዋሸት ያለፋል፣ ልፋት ዓይን ላይ ይታያል» በሚል ሐሳብ መሣሪያ የሚሸጥ ኩባንያ አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ አለ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2019 አይቦርደር ኮንትሮል ለተባለ ፕሮጀክት ገንዘብ ሰጥቶ ነበር። ኮምፒውተር ላይ የተሳለ ፖሊስ «ሻንጣህ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካሜራ የተጓዡን የፊት ጥቃቅን እንቅስቃሴ አይቶ ይዋሽ እንደሆነ ይገምታል። ሙከራው የታሰበው ለሃንጋሪ፣ ለግሪክና ለላትቪያ ድንበር ነው። እውነት መናገርም እኮ ያለፋል! በሁለተኛ ቋንቋ ለሚመልስ ሰው፣ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስታውሶ ወደ ፈረንጁ ለሚቀይር ሰው፣ እያንዳንዱ ጥያቄ 17 መቀነስ ነው። የኛ ሰው ደግሞ ባለሥልጣን ፊት ዓይኑን ሰበር ማድረግን ከልጅነቱ ጀምሮ ተምሯል።

ሁሉንም ካሜራ አልቃወምም። በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አዲስ የሚመዘገብ መኪና ሁሉ ሹፌሩ ሲያንቀላፋ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት እንዲኖረው ግድ ነው። ይግጠሙት። እዚያው አውሮፓ በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት ስሜትን የሚያነብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ ከየካቲት 2025 ጀምሮ፣ ከሕክምናና ከደኅንነት ጉዳይ በቀር፣ ታግዷል። ሕጉ ድካምን ከስሜት አይቆጥርም። የአእምሮ ልፋት ታዲያ የቱ ጋ ነው? ስሜትም አይደለም፣ ድካምም አይደለም። ሻጩ የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው።

መፍትሔው ከመኪናው ሕግ ላይ ሊቀዳ ይችላል። እዚያ መረጃው ከመኪናው አይወጣም፣ ለሦስተኛ ወገን አይሰጥም፣ ሥራው ሲያልቅ ወዲያው ይሰረዛል። ዓይን የሚከታተል ላፕቶፕም ሆነ ራስ ላይ የሚደረግ መሣሪያ በዚሁ ደንብ ይታሰር። አሠሪው የሠራተኛውን ሥራ ይይ፤ ዓይኑን ይተውለት።