ማስተካከያ፦ ስለ አሮጌ ስፖርት መኪና የቤንዚን ጎማ

ባለፈው ደብረ ብርሃን ላላችሁ የአሮጌ መኪና ወዳጆች፣ የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪናን የቤንዚን ጎማ (ቤንዚን የሚያልፍበትን የላስቲክ ቱቦ) ስለ መቀየር ስጽፍ «8 ሚሊ ሜትሩ ጎማ ሰፋ ቢልም በፋሼታ (ቱቦ በሚያጠብቀው የብረት ማሰሪያ) ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ይሠራል» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። በዚያ ምክር የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ መኪናዋን ሳታስነሱ ጎማውን ቀይሩ።

በእነዚህ መኪኖች ጎማው የሚሰካበት የቤንዚን ቧንቧ የሚለካው በኢንች ነው። ቧንቧው ሩብ ኢንች ከሆነ 6.35 ሚሊ ሜትር ነውና 8ቱ ይሰፋዋል። ፋሼታው ሲጠብቅ ጎማው ዙሪያውን እኩል አይጨመቅም፤ አንድ ቦታ ላይ ይታጠፋል። የኔን ስፈታው በእጥፋቱ ልክ ቀጭን ስንጥቅ ወጥቶበት፣ የፋሼታው ጥርስም ላስቲኩን በልቶት አገኘሁ። ቧንቧው 5/16 ኢንች ከሆነ ግን 7.94 ሚሊ ሜትር ነውና 8ቱ ልኩ ነው። ስለዚህ የቧንቧውን ውፍረት በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ሳትለኩ አትግዙ።

«ካላንጠባጠበ ደህና ነው» ያልኩትም ልክ አይደለም። ከታንኩ እስከ ፓምፑ ድረስ ቤንዚኑ የሚሄደው ተስቦ ነው፤ እዚያ ላይ የላላ ጎማ ቤንዚን ከማፍሰስ ይልቅ አየር ያስገባል። ከሸዋ ሮቢት ተነስታችሁ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ጣርማ በርን ስትወጡ መኪናዋ የምትታነቀው በዚህ ሊሆን ይችላል። እኔ ካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ሁለት ጊዜ ያለ ጥፋቱ አስፈትቻለሁ።

ለካርቡራተር መኪና ላዩ ላይ ኤስኤኢ 30አር7 (SAE 30R7) የሚል የቤንዚን ጎማ ደረጃ የታተመበትን ጎማ ፈልጉ። የውሃ ፕላስቲክ ቱቦ ግን በቤንዚን ደርቆ ስለሚሰነጠቅ ለጊዜውም ቢሆን አታስገቡ።